የብስክሌት መንገዱ ፊታውራሪ

ማንም ሳይሾመው ራሱን የሾመ ሰው የሌለበት ሰፈር እስቲ አሳዩኝ። የለም። ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ቆብ የለው፤ ግን ሰልፍ የጣሰውን፣ በር ሳይዘጋ የወጣውን፣ ቆሻሻ ያለ ቦታው የጣለውን እየጠራ ይገሥጻል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ድምፁ ሲጠፋ ሰፈሩ እፎይ ይላል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ "ምን ሆኖ ይሆን?" ብሎ ሄዶ በሩን ያንኳኳል።

የኛው ስሙ ፎልመር ነው። ሰው ፎልመር ይለዋል፤ እኔ ግን ፊታውራሪ ነው የምለው፤ ፊት ለፊቱ ሳይሆን መስኮቴ ላይ ሆኜ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ባንዲራ ምሰሶ ቀጥ ያለ፣ የቀኝ እግር ሱሪው ሰንሰለት እንዳይበላው በመቆንጠጫ የተያዘ። ያቺን መቆንጠጫ በሚስቱ ቀብር ላይ እንኳ አላወለቃትም፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ግዛቱ ከቦዩ ድልድይ እስከ ዳቦ ቤቱ ጥግ ያለው የብስክሌት መንገድ ነው። ጠላቱ ደግሞ ቱሪስት።

በቱሪስት እንኳ አይፈረድም። እኛ ኮፐንሃገን ሕፃን ቁጭ ማለት ሲችል ብስክሌት ላይ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ መራመድ ሲያቅተው ብስክሌት ላይ ይወጣል፣ ሚኒስትሩም በብስክሌት ነው፣ ብስክሌት የሚሰርቀውም ሌባ የሚመጣው በብስክሌት ነው። ቱሪስት ይህን ከየት ያውቃል? ሻንጣውን እያንገጫገጨ ይመጣል፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ጠመዝማዛ ጉልላት ሲያይ አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ጉልላቱ ሙሉውን ፎቶ ውስጥ እንዲገባለት ሁለት እርምጃ ወደኋላ ይላል። ሁለተኛው እርምጃ የብስክሌት መንገድ ውስጥ ነው።

ይህን ጊዜ ከየት መጣ ሳይባል ቃጭሉ ይሰማል። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ሦስቴ ነው፤ አራተኛ የለውም። ከዚያ ይቆምና ጣቱን አንሥቶ፣ "እግር ላይ፣ ጎማ ታች" ይላል። የእግረኛው መንገድ ከፍ ያለ፣ የብስክሌቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። በኛ ቋንቋ ይለዋል፣ በእንግሊዝኛ ይደግመዋል፣ በጀርመንኛ ይመርቅበታል። ሰውየው ይቅርታ ከጠየቀው "ሕግ ሕግ ነው" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ካልጠየቀው እዚያው ነው የሚውለው።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽ አትበሉኝ። ቤቴ ምድር ቤት ነው፣ መስኮቴ መንገዱ ላይ ነው፣ ዓይኔ ገና ደህና ነው። ከዚያ በፊትም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድልድዩ ጥግ ቋሊማ ሸጫለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልተቀመጥኩም፤ እንግሊዝኛዬ ከቋሊማ በላተኛ የተለቀመ ነው። ነገሩ ከሰናፍጭና ከሽንኩርት ካልራቀ ከማንም አላንስም።

እንግዲህ ስሙ። አንድ ቀን አንዲት አስጎብኚ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ሠላሳ ሰው አስከትላ መጣች። ሠላሳውም በብስክሌቱ መንገድ ላይ እንደ ፈሰሰ ገብስ ተበተኑ። ፊታውራሪ ወረደ፣ ቃጭሉን አሰማ፣ አንድ በአንድ እየነካ ጠርዙ ላይ አወጣቸውና በአንድ መስመር አሰለፋቸው። አሰላለፉ ያማረ ስለነበር ሰዎቹ አዲሱ መሪ እሱ መሰላቸው። ብስክሌቱን እየገፋ ሲሄድ ተከተሉት። ዳቦ ቤት ገባ፤ ገቡ። ጥቁር ዳቦውን ገዛ፤ ገዙ። ወጥቶ ዘወር ቢል አሁንም ኋላው ናቸው፤ ዳቦ ታቅፈዋል። ባለ ጃንጥላዋ ድልድዩ ላይ ሰው እያስቆመች "ሠላሳ ሰው አላያችሁም?" ስትል አረፈደች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝናቡ እንደ ጉድ በሚወርድበት ጠዋት፣ መኪና የለ፣ ሰው የለ፣ መብራቱ ቀይ ነው ብሎ ቆሞ ሲበሰብስ አየሁት። አንዲት ዳክዬ ከነጫጩቶቿ በቀይ ተሻገረች። ቃጭሉን አሰማት። ሦስቴ።

ለኔም አልተመለሰም። መስኮቴ ሥር፣ ጠርዙ ላይ፣ በአሮጌ በርሜል ጽጌረዳ ተክያለሁ። በርሜሉ አንድ ጣት ወደ ብስክሌቱ መንገድ ወጥቷል ብሎ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ከሁለተኛ ፎቅ ወርዶ፣ በቤቴ በር ሥር አሾልኮ ተመልሶ ወጣ፤ በሩ ክፍት ነው፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሰላምም ብሎኛል። በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ነው። እስካሁን ስድስት አለኝ።

አንዲት ልጅ አለችው፣ ሊስቤት የምትባል። ዩላንድ ነው የምትኖረው፣ በባቡር አራት ሰዓት ርቃ። የነርሶች አለቃ ናት፤ ማዘዙን ከማን እንደወረሰችው እናንተው ገምቱ። ባለፈው የበረዶ ወቅት አባቷ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ አንዴ ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ አንዴ ድልድዩ ላይ። ወዲያው ደወለችለትና፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከወደቀ ብስክሌቱ እንደሚሸጥ፣ እሱም ጓዙን ጠቅልሎ እሷ ዘንድ እንደሚገባ አስታወቀችው። እሱም እሺ አለ፤ ቃሉን ሰጠ። ፊታውራሪ ቃል ሰጠ ማለት ድንጋይ ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

መውደቁን ማን ነገራት ትሉ ይሆናል። እኔ ነኛ። ምን ላድርግ፣ እሁድ እሁድ እንደዋወላለን፤ ስልክ ከተነሣ ደግሞ በባዶ አፍ አይወራም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እንድታዝንልኝ ነበር የነገርኳት፣ እንድትወስደው አልነበረም።

በበጋ፣ ቀኑ ሲረዝም፣ እኛ ወደቡ ላይ ደመራ እናነዳለን፤ እሱ ሊለኮስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ሴትዮ መስኮቴ ሥር ቆመች። ማልካንቲ ትባላለች። ከስሪላንካ ነው የመጣችው፤ አምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቁና የሚያህል ባርኔጣ የደፋች፣ ዝምተኛ ባሏን ከኋላዋ ያስከተለች። ሁለቱም ብስክሌት ተከራይተዋል። ልጅ ሆና ከነዳች ወዲህ ነክታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሰኞ ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ከዚያ በፊት ድልድዩን በብስክሌት መሻገር ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ሙዚየሙም ቤተ መንግሥቱም ይቅርባት። በየት በኩል ነው አለችኝ። አሥር ደቂቃ ነው አልኳት። እኛ ከተማ ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ ነው።

ወጣችበትና ሄደች። ቀሚሷ ተነፋ፣ ፊቷ በራ። ችግሩ የያዘችው ግራ ነው። አገሯ ሰው ሁሉ በግራ ነው የሚሄደው። ከወዲያ ደግሞ ፊታውራሪ ዳቦውን ጭኖ በትክክለኛው መስመር ይመጣል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮኻል፣ ወይ ሁለቱን ፍሬን ጥርቅም ያደርጋል፣ ወይ ዘሎ ይወርዳል። እሱ ሆዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግራ እጁን አነሣ። እኛ ዘንድ ብስክሌተኛ ሊቆም ሲል እጁን ያነሣል፤ ከኋላ ያለው አይቶ እንዳይገጨው ነው። ከኋላው ግን ማንም የለም። እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ነፋስ እንኳ አልነበረም። አንድ እጁ ወደ ሰማይ፣ አንድ እጁ መሪው ላይ፣ የፊት ጎማው ጠርዙን ነካ፤ ፊታውራሪም ከነማዕረጉ በርሜሌ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፋ። የተነሣው እጅ ግን እንደተነሣ ነበር።

ማልካንቲ ብስክሌቷን ጥላ ሮጠች። "አባባ፣ ይቅር በሉኝ፣ አባባ" እያለች ከጽጌረዳው ውስጥ ጎተተችው። እኛ አገር ንጉሥ ካልሆነ በቀር ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው፤ ከልጁ በቀር ፎልመርን አባባ ያለው ሰው በዕድሜው አላጋጠመውም። ቀና አለና አያት። ፊቱ ተቧጭሯል፣ ጆሮው ላይ አንድ ቀይ አበባ ተሰክቷል።

"ቀኝ ነው የሚያዘው" አላት በቀስታ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ "አንድ ጣት ወጥቷል ብዬሽ ነበር" አለኝ።

ቤቴ አስገብቼ ቧጨራውን አጠብኩለት። ክንዱ ትንሽ አብጧል፣ አጥንቱ ደህና ነው። ያኔ ነው ሁለታችንም ትዝ ያለን፤ ቅዳሜ ሊስቤት ለደመራው ትመጣለች። ማንም አላየም፤ ያየነው እኔ፣ ማልካንቲና ባሏ ብቻ ነን። ባሏ ደግሞ እንኳን ሊናገር ሲያስነጥስም ድምፅ የለውም።

"ድመት ቧጨረኝ በላት" አልኩት።

"ድመት የለኝም።"

"የኔ ድመት በላ።"

"ያንቺ ድመት ቧጭራኝ አታውቅም። ስሟን አላጠፋም።"

"እሺ ዝም በላት።"

"ካልጠየቀችኝ ዝም እላለሁ። ከጠየቀችኝ እመልሳለሁ።" መቆንጠጫውን አስተካከለ። "ቃል ሰጥቻለሁ፣ ቲራ።"

ተስፋ የምጥልበት ሰው አጣሁ፤ በራሴ ላይ ጣልኩት። ሐሙስ ውዬ፣ ዓርብ ውዬ ለአንድ ሰው አልተነፈስኩም። እናንተ ቀላል ይመስላችኋል። ዳቦ ቤት ሄጄ አንዲት ጎረቤቴ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ብትለኝ "ምንም" ብዬ ወጣሁ፤ ታመምሽ ወይ ብላ ቤቴ ድረስ ሾርባ ይዛልኝ መጣች።

ማልካንቲ ግን ዓርብ ጠዋት ኬክ ይዛ ከች አለች። ጥፋቷ አላስተኛትም፤ ድልድዩንም ትታዋለች፤ ሌላ ሰው ከምጥል በእግሬ ልሂድ አለች። ፊታውራሪ ኬኩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ተከተዪኝ አላትና ግቢ ይዟት ገባ። ብስክሌት የለም፤ መጀመሪያ በእግር ነው የሚጀመረው አለ። መሪ የያዘች አስመስሎ እጇን ወደፊት አዘረጋት። ባሏንም ከኋላዋ አሰለፈው። ቀኝ ያዢ፣ ልትታጠፊ ስትይ እጅሽን ወደ ጎን፣ ልትቆሚ ስትይ ወደ ላይ። እየዞሩ እየዞሩ ቆሻሻ ማጠራቀሚያውን አንድ ሃያ ጊዜ ዞሩት። የግቢው ሰው በየመስኮቱ ወጣ፤ አንዱ ከአራተኛ ፎቅ "ፎልመር፣ ያንን የሌለ ብስክሌት ጎማውን ንፋላት" ብሎ ቢያላግጥ ቀና ብሎ አላየውም። ማታ ላይ በእውነተኛ ብስክሌት፣ በቀኟ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሳ ተመለሰች። ስትቆም እጇን አነሣች። ሲደሰት አፍንጫውን እንደሚያሽ አውቃለሁ፤ አሸው።

ቅዳሜ ሊስቤት መጣች። ትልቅ ሻንጣ ይዛለች፤ በአንድ ጣቷ ነው ያንጠለጠለችው። ባዶ ነው። ለማን እንደመጣ ገባኝ።

አባቷ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጠበቃት። አቀፈችው፣ ከዚያ አገጩን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

"አባዬ፣ ፊትህ ምን ሆነ?"

እኔ ሳልኩ። እግሩን ረገጥኩት። ምንም አልፈየደም።

"ወድቄ ነው።"

"የት?"

"ቲራ በርሜል ውስጥ። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ።"

"እንዴት?"

"ከፊቴ ሰው መጣ፤ ልቆም ስል እጄን አነሣሁ።"

"ከኋላህ ማን ነበር?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለማን ነው እጅህን ያነሣኸው?"

ትንሽ አሰበ። "ለማንም ይሁን ለማን፣ ሲቆሙ እጅ ይነሣል" አላት።

ሊስቤት ዓይኗን ጨፈነች። ልትስቅ ነው ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ሻንጣውን ወደሱ ገፋ አደረገችው። እሱም አልተከራከረም። ያንን ባዶ ሻንጣ አነሣና ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ቀጥ ብሎ የኖረ ጀርባ ሲጎብጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማልካንቲ ለደመራው ልትወስደን መጥታ ኖሮ ይህን አየች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግራ የያዝኩት እኔ ነኝ ብላ ሊስቤትን ትለምን ጀመር። ሊስቤት በትሕትና ሰማቻትና፣ አንቺ ሰኞ ትሄጃለሽ፣ ማክሰኞ ደግሞ ሌላ ቱሪስት ይመጣል አለቻት። እውነቷን ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"አንቺ ምነው ታለቅሻለሽ? በየሳምንቱ እየደወልሽ ስታማርሪ የኖርሽ አንቺ አይደለሽም? ደብዳቤ ጻፈብኝ፣ ደወል ደወለብኝ፣ ዳክዬ ሰደበ፤ ልገላግልሽ እኮ ነው ቲራ።"

ፎልመር ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆመ። ዞር አላለም፤ ግን ቆመ። እኔ የዕድሜዬን ሁሉ ወሬ ስለ ሌላ ሰው ነው ያወራሁት፤ ስለ ራሴ አንዲት ቃል ለማውጣት ምላሴ እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አላውቅም ነበር።

"ሊስቤት ልጄ" አልኳት፣ "የነገርኩሽ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት አልጨመርኩም፤ ዳክዬዋን ብቻ ትንሽ አሳምሬያለሁ። ግን እስቲ አስቢው። ስለ ወንድሜ ሁለት ደቂቃ ነው የማወራልሽ። ስለ ወገቤ አምስት ደቂቃ። ስለ አባትሽ አንድ ሰዓት ሙሉ። ስድስት ዓመት፣ በየእሁዱ፣ አንድ ሰዓት። አንቺ ነርስ አይደለሽ? ይህ ምን በሽታ እንደሆነ ሳታውቂው ቀረሽ?"

ማልካንቲ ጫማዋን ታያለች። ሊስቤት እኔን አየች፣ ደረጃው ላይ ያለውን ጀርባ አየች፣ እንደገና እኔን አየች። የጀርባው ባለቤት ጉሮሮውን ጠረገ። አንገቱ ከኋላ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር።

"ቢሆንም መውደቁ አይቀርም" አለች ሊስቤት፤ ድምፅዋ ግን ለስልሷል። "ሁለት ጎማ ሁለት ጎማ ነው።"

ይህን ጊዜ ያ ዝምተኛ ባል፣ ሦስት ቀን ሙሉ አፉን ያልከፈተው፣ ተናገረ።

"ለምን ባለ ሦስት አይነዱም? በኛ አገር ባጃጅ አለ። ሙሽራውም፣ ኮረጆውም፣ አያቱም በሱ ነው። አይወድቅም። እጃቸውን ያንሡ ከፈለጉ፣ ሁለቱንም ያንሡ።"

ሊስቤት ሳቀች። ሳቋ መጣና አልቆም አላት፤ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። እኛም ከተማ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ሞልቷል፤ ከፊቱ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አለው፣ እናቶች ልጅና ሸቀጥ የሚጭኑበት። ፊታውራሪ ከደረጃው ላይ ሆኖ ያ የብስክሌት ዘር አይደለም፣ ጋሪ ነው አለ።

"ወይ ሦስት ጎማ፣ ወይ ዩላንድ" አለችው ልጁ።

ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ወረደ።

ማታ ሁላችንም ወደብ ወረድን። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ደመራው ጫፍ ላይ የጭድ ጠንቋይ ትሰቀላለች፤ እሷ ስትወጣ የሰፈራችን ሰው በየዓመቱ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው፤ ለምጄዋለሁ። ማልካንቲ ወደዚያ የመጣችው ድልድዩን በብስክሌት ተሻግራ ነው። በቀኟ፣ በቀስታ፣ ባርኔጣዋን በገመድ አስራ። ስትደርስ እጇን አነሣችና ቆመች። ከኋላዋ ባሏ ነበር፤ አይቶ እሱም እጁን አነሣ። ከሱ ኋላ ማንም አልነበረም። ፎልመር አፍንጫውን አሸ።

ሊስቤት በማግሥቱ ሻንጣዋን ባዶውን ይዛ ተሳፈረች።

ሦስት ጎማው የመጣው ከወር በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ፊታውራሪ ከቤት ሳይወጣ አረፈደ፤ ሰው ያየኛል ብሎ። በኋላ መስኮቴን አንኳኳ። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን የፊቱ ወገን በጣም ቀላል ይሆናል፣ ክብደት ያስፈልገዋል አለኝ። ሰማንያ ኪሎ እንደሆንኩ ስለሚያውቅ ነው፤ ምክንያቱ ይኸው ብቻ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ገባሁ።

እናንተዬ፣ እዚህ ከተማ ተወልጄ አርጅቼ ከተማዬን ያየኋት ያኔ ነው። በቋሊማ ጋሪ መስኮት፣ በቤት መስኮት ነው የኖርኩት፤ ሁሌ ሌላው ሲያልፍ አያለሁ። አሁን እኔ አለፍኩ። ቦዩን፣ ጀልባዎቹን፣ ከወደቡ ዘለው የሚዋኙትን ሁሉ እንደ ቱሪስት አፌን ከፍቼ። ሦስት ጎማ ዘገምተኛ ነው፤ ከኋላችን የኪራይ ብስክሌት የያዙ ጎረምሳ ቱሪስቶች ደወል ደወሉብን። በፊታውራሪ ላይ። ጥርሱን ነክሶ ወደ ቀኝ ጠጋ አለላቸው። እኔ ሳቄን በመሐረብ አፈንኩት።

ድልድዩ አናት ላይ ስንደርስ፣ "ይመችሻል?" አለኝ። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና አንድ ነገር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው፤ እስከዛሬ ሲነግረኝ ነው የኖረው። እንጨቱ ትንሽ ይቆረቁራል አልኩት። ቀኙን ይዞ መንዳቱን ቀጠለ።

በሚቀጥለው እሁድ ሣጥኑን ስከፍት ትራስ አገኘሁ። ሰማያዊ፣ አዲስ፣ ጠርዙ በእጅ የተሰፋ። የስፌቱ መስመር እንደ ብስክሌት መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ የማን እጅ እንደሰፋው ጠያቂ አያስፈልገውም። እሱ ጎማውን ነፋ አለ፣ ሰንሰለቱን ነካ ነካ አደረገ፣ ወደኔ አላየም።

ያን ዕለት ማታ ሊስቤት ደወለች። "እህ ቲራ፣ አባዬ ምን አደረገ ዛሬ?" አለችኝ። ሰዓቱ አለ፣ ስልኩ አለ፣ አፌ አለ። ደህና ነው አልኳትና ዘጋሁት። ትራሱን ግን አልነገርኳትም።